ላንቃው ለተበሳ ሰው፦ ፕሌት ይሻላል ወይስ ኦፕራሲዮን?

ወንድሜ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ትቶ ነበር። ከኮዬ ፈቼ ተነስተን አብረን ስንሄድ መውረጃችን ሲደርስ ወደ እኔ ያያል። እኔ ካልተናገርኩ ታክሲው ያልፋል። ብቻውን የሄደ ቀን ሌላ ሰው እስኪወርድ ይጠብቅና ያለፈውን መንገድ በእግሩ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ደፍሮ ሲናገር ግማሹ ተሳፋሪ ዞሮ አየው፤ ከዚያ ወዲህ ነው ዝም ያለው። ድምፁ በአፍንጫው ነበር የሚወጣው።

ቀጥሎ ቡና ቀረ። እማዬ ቡና ስታፈላ ከረከቦቱ የማይርቅ ልጅ «ራሴን አሞኛል» እያለ ክፍሉን መዝጋት ጀመረ። ነገሩ የገባን ቆይቶ ነው። የጠጣው ቡና በአፍንጫው ይመለስበት ነበር፣ ሰው ፊት እንዳይሆንበት ነው የሸሸን።

ምክንያቱ ኮኬይን ነው። ውጭ አገር በኖረባቸው ዓመታት በአፍንጫው ሲስብ ቆይቶ፣ መጀመሪያ አፍንጫን ለሁለት የሚከፍለው ግድግዳ ተበሳ፣ ከዚያ የአፉ ጣሪያ። እኛ ስናይ ቀዳዳው የአተር ፍሬ ያክላል። ሐኪም ዘንድ እስክንደርስ የባቄላ ፍሬ አክሏል። ይህን የምጽፈው እሱ ፈቅዶልኝ ነው። እንዲያውም «ጻፊው፣ እኔ በአማርኛ ፈልጌ ያጣሁት ነገር ነው» ብሎኛል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ወንድሜን ይዤ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ለሆስፒታል የዞርኩ እህት ነኝ። በዚያ ሁሉ መዞር የተረዳሁትን አስቀድሜ ልናገር፦ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ፕሌት ወይስ ኦፕራሲዮን?» ብሎ ነው (ፕሌት ማለት ላንቃ ላይ ተለጥፎ ቀዳዳውን የሚሸፍን፣ የሚወልቅ ፕላስቲክ ነው)፣ እኛም እንደዚያ ነበር የጠየቅነው፣ ትልቁ ነገር ግን ተራው ነው። ዱቄቱ ይቁም። ቀዳዳው በምን እንደመጣ ይረጋገጥ። በዚያው ሰሞን ፕሌት ይሠራ። ኦፕራሲዮን ቢያንስ ከ6 ወር፣ ቢቻል ከ1 ዓመት በኋላ ይታሰብ። ተራው ሲዘበራረቅ ገንዘብም ሥጋም ነው የሚባክነው።

ላንቃው ለምን ይበሳል?

ኮኬይን የደም ሥርን ያጠባል። በአፍንጫ በተሳበ ቁጥር የውስጡ ሥጋና ከሥሩ ያለው አጥንት ደም ያጣል። ደም ያጣ ሥጋ ይቆስላል፣ ቁስሉ ላይ ጀርም ይገባል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱ ሲነሳ ሥጋ ይዞ ይነሳል። የአፍንጫ ወለል ማለት ደግሞ የአፍ ጣሪያ ማለት ነው፤ አንድ ስስ አጥንት ነው የሚለያቸው። ዱቄቱ ራሱም ንጹሕ አይደለም። ለከብት የትል መድኃኒት የሚውለው ሌቫሚዞል ሊቀላቀልበት ይችላል፣ እሱ ደግሞ ነጭ የደም ሴሎችን ይቀንሳል፣ የደም ሥርም ያስቆጣል። ተፈጭተው በአፍንጫ የሚሳቡ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ክኒኖችም ላንቃ እንደሚበሱ የሚያሳዩ የሕክምና ዘገባዎች አሉ።

ንግግሩ የሚበላሸው በቀላል ምክንያት ነው። «በ» ስንል አፋችን ውስጥ አየር እናጠራቅምና በአንዴ እንለቃለን። ጣሪያው ከተበሳ አየሩ አይጠራቀምም፣ ወደ አፍንጫ ያመልጣል። ስለዚህ «በ» ወደ «መ»፣ «ደ» ወደ «ነ» ይሄዳል። ወንድሜ «ባቡር» ሲል «ማሙር» ነበር የሚሰማን። እነ «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጰ» ኃይላቸውን ያጣሉ፣ «ሰ» እና «ሸ» ደግሞ በአፍንጫ የሚያፏጭ ነገር ይሆናሉ። አማርኛችን እንዲህ ባሉ የሚፈነዱ ድምፆች የተሞላ ስለሆነ ችግሩ ቶሎ ይታወቃል።

ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አለ። ትንሽ መስታወት ከአፍንጫ ሥር ያዙና «ጳጳስ»፣ «ሰባት»፣ «ባቡር» በሉ። እነዚህ ቃላት ውስጥ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ የለም፣ መስታወቱ ላብ ካወጣ አየር እያመለጠ ነው። «መና» ስትሉ ግን የማንም ሰው መስታወት ላብ ያወጣል፣ በዚያ አትደንግጡ። ቀጥሎ አፍንጫችሁን በጣት ቆንጥጣችሁ እነዚያኑ ቃላት ድገሙ። ድምፁ ከተስተካከለ ቀዳዳውን መሸፈን በጣም እንደሚጠቅማችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ካልተስተካከለ ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል፣ ለሐኪሙ ንገሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤታችን፣ በጣም የምናከብራት ሴት፣ «እንጥሉ ወርዶ ይሆናል፣ አስቆርጡት» ብላን ነበር። ለእኛ አስባ ነው። ግን እባካችሁ አታድርጉት። እንጥል መቆረጥ ለዚህ ችግር አንድም ነገር አይፈይድም። በተጎዳ ላንቃ ላይ ሌላ ቁስል፣ ሌላ መድማት፣ ሌላ ኢንፌክሽን ነው የሚጨምረው።

ከምርጫው በፊት፦ እውነቱን ተናገሩ

ወንድሜ መጀመሪያ የሄደበት ክሊኒክ «ሳይነስ ነው» ብለው ለ3 ወር አንቲባዮቲክ እየቀያየሩ ሰጡት። አፉን አስከፍቶ ያየው አልነበረም፣ እሱም አልተናገረም። ያፍር ነበር። ቀዳዳው የሰፋው በእነዚያ ወራት ነው።

ሐኪም ዘንድ ስትገቡ «ኮኬይን እስብ ነበር፣ እስከዚህ ቀን ድረስ» ብሎ መናገር ከየትኛውም ማሽን የበለጠ ይጠቅማል። ሐኪም የነገራችሁትን ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ቤተሰብ አጠገብ ካለና መናገር ካስቸገረ «ከሐኪሙ ጋር ለብቻዬ ላውራ» ማለት ይቻላል። እኔ ራሴ እንድወጣ ስጠየቅ ከፍቶኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ትክክል ነበር።

እውነቱ ተነግሮም ቢሆን ምርመራው አይቀርም፣ አይቅርም። ላንቃ የሚበሳ ሌላ በሽታ ብዙ ነው። የቆየ ቂጥኝ፣ ቲቢ፣ የሥጋ ደዌ፣ አደገኛ ፈንገስ፣ አንዳንድ የሊምፎማ ካንሰር፣ የደም ሥር ቁጣ በሽታዎች። አገራችን ውስጥ ደግሞ ቁንጭር አለ፤ አፍንጫና አፍ ውስጥ የሚገባ ዓይነት አለው፣ ከደጋ አካባቢ የመጣ ሰው ከሆነ መጠርጠር አለበት። ለቁንጭርና ለሥጋ ደዌ አለርት ሆስፒታል የቆየ ልምድ አለው። ስለዚህ ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ይወሰዳል፣ ደም ይመረመራል፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ ይታያል፣ ሲቲ ስካን ይነሳል። አንካ የሚባል፣ የደም ሥር ቁጣ በሽታን የሚፈልግ የደም ምርመራ ታዝዞላችሁ ፖዘቲቭ ቢመጣ ለሐኪሙ ስለ ኮኬይኑ ደግማችሁ አስታውሱት፤ ኮኬይን ራሱ ያንን ምርመራ ፖዘቲቭ ሊያደርገው ስለሚችል ሰው ያለበሽታው መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል።

እኛ እንዳደረግነው ከሰፈር ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ። የጤና መድን ያላችሁ ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። መጀመሪያ የሚያያችሁ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ነው።

ምንም አለማድረግ፣ ወይም በቤት ዘዴ መድፈን

ይህንንም እንደ ምርጫ ልቁጠረው፣ ምክንያቱም ሰው በተግባር የሚመርጠው እሱን ነው። ወንድሜ ሰው ዘንድ ሲሄድ ቀዳዳውን በማስቲካ ይደፍን ነበር። ለግማሽ ሰዓት ይሠራል፣ ንግግሩም ይስተካከላል። አንዳንዱ ጥጥ፣ አንዳንዱ የረጠበ ዳቦ ያስገባል። ችግሩ፣ የገባው ነገር ወደ ላይ ተገፍቶ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል፣ ይበሰብሳል፣ ይሸታል። ተነቅሎ ወደ አየር ቧንቧ ቢወርድ ደግሞ ሰው ይታነቃል። ጠርዙን እየፈተገ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ማስቲካው መሥራቱ አንድ ነገር ግን አሳየን፦ ቀዳዳው ሲሸፈን ንግግሩ እንደሚመለስ። ይህን ለሐኪሙ ስንነግረው «እንግዲያው ፕሌት ይጠቅመዋል» አለን።

በጣም ትንሽ ቀዳዳ፣ ለምሳሌ የስንዴ ፍሬ የምታክል፣ ንግግርም መዋጥም ካልረበሸች፣ ዱቄቱ ከቆመና ሐኪም ከተከታተላት ዝም ብሎ ማየት ይቻላል። ያ ሌላ ነገር ነው።

ፕሌት

በሐኪሞቹ አፍ ኦብቹሬተር ይባላል። አያታችሁ አርቴፊሻል ጥርስ ካላት ታውቁታላችሁ፣ የዚያ ዘመድ ነው። ሮዝ ፕላስቲክ ነው፣ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ በሽቦ መንጠቆ ጥርስ ይይዛል፣ ቀዳዳው ጋ ይሸፍናል። መቁረጥ የለውም፣ ስፌት የለውም፣ ሰመመን የለውም። የሚሠራው የጥርስ ሐኪም ነው፣ በተለይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ የሠለጠነ። ልኬት ተወስዶ በሁለት ሦስት ቀጠሮ ይደርሳል።

ልኬቱ ላይ ንቁ። ልኬት የሚወሰድበት ሊጥ መሰል ነገር ለስላሳ ስለሆነ በቀዳዳው ወደ አፍንጫ ወጥቶ እዚያው ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳው በቫዝሊን በተነከረ ጎዝ መሸፈን አለበት። ሐኪሙ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ነውር አይደለም።

የፕሌት ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ ነው። ወንድሜ አፉ ውስጥ በገባ በዚያው ቀን፣ እዚያው ወንበር ላይ ሆኖ፣ «ባቡር» አለ። ባቡር! እኔ አለቀስኩ። ውኃ ሲሰጡት ጠጣ፣ አንድ ጠብታ አልወጣም። ቀዳዳው በጠንካራው የላንቃ ክፍል፣ ማለትም ከፊት በኩል ምላስ ሲነካው አጥንት በሚሰማበት ቦታ ከሆነ ብዙ ጊዜ ውጤቱ እንዲህ ፈጣን ነው። ጉዳቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ለስላሳው ላንቃና ወደ እንጥሉ አካባቢ ከሄደ ግን ይከብዳል። ያ ክፍል ስንናገርና ስንውጥ የሚንቀሳቀስ ነው፣ የሚንቀሳቀስን ነገር በፕላስቲክ መተካት ቀላል አይደለም። ከኋላው ጭራ ያለው ልዩ ፕሌት ይሠራል፣ ይረዳል፣ ግን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፣ ማቅለሽለሽም አለው።

ሌላው ጥቅሙ ሐኪሙ ቁስሉን ማየት መቻሉ ነው። ፕሌቱ ይወልቃል፣ ውስጡ ይታያል። ቀዳዳው ቢሰፋ ይታወቃል፣ ፕሌቱም ይስተካከላል። ሱሱ ገና ያልለቀቀው ሰው እንኳ ፕሌት ሊሠራለት ይችላል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሰው እስኪድን ድረስ መብላትና መናገር አይከለከልም።

ጉዳቱን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ምልልስ አለው። መጀመሪያ ሰሞን ይቆጠቁጣል፣ ይላጣል፣ ይሞረዳል። ከዳር ለምንኖር ሰዎች እያንዳንዷ መሞረድ ሁለት ሦስት ታክሲና ግማሽ ቀን ናት፣ ይህን ከወጪው ጋር ቁጠሩት። ዋጋ ስትጠይቁ «ማስተካከያው አብሮ ነው ወይስ በየጊዜው ይከፈላል?» በሉ። ዓመታት ሲያልፉ ይላላል፣ ይቀየራል። ጥርስ ደግሞ ያስፈልገዋል፣ መንጠቆው የሚይዘው ጥርስ ነውና። ኮኬይን አፍ ያደርቃል፣ ጥርስ ያፋጫል፣ ብዙ ሰው ጥርሱም ተጎድቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሚታከመው ጥርስ ቀድሞ ይታከም፣ የሚነቀል ካለ ደግሞ ፕሌት ሠሪው ሳያይ አይነቀል። እኛ አንድ ጥርስ ቸኩለን አስነቅለን ተቆጭተናል።

አያያዙ ቀላል ነው። ከምግብ በኋላ ይወልቃል፣ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ይታጠባል። በፈላ ውኃ አይነከርም፣ ይጣመማል። ማታ ይወልቃል፣ ውኃ ውስጥ ያድራል፤ ሳይወልቅ የሚያድር ፕሌት ሥር ፈንገስ ይበቅላል፣ ላንቃው ይቀላል፣ ያቃጥላል። ስታወልቁት በሶፍት ጠቅልላችሁ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ። ከሶፍቱ ጋር ይጣላል። ክዳን ያለው ዕቃ ይኑረው።

ኦፕራሲዮን

ቀዳዳውን በሥጋ መዝጋት ነው። ሲሳካ ጥሩ ነው፣ የሚወልቅ የሚታጠብ ነገር የለም። ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ከጎኑ ያለውን የላንቃ ሥጋ ከነደም ሥሩ አንስቶ፣ አዙሮ መስፋት ይበቃል። ከጉንጭ ውስጥ ያለውን ስብ ስቦ መድፈንም አለ። መካከለኛ ከሆነ ከምላስ ሥጋ ይነሳል፤ ምላስ ከላንቃ ጋር ተሰፍቶ 2 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል፣ ሥጋው እዚያ ደም ሲለምድ በሁለተኛ ኦፕራሲዮን ይቆረጣል። በእነዚያ ሳምንታት አይወራም፣ ምግብ ፈሳሽ ነው። በጣም ሰፊ ሲሆን ከክንድ ሥጋና የደም ሥር ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ከአንገት የደም ሥር ጋር ይቀጠላል። ያ ረጅም ሰዓት የሚወስድ ከባድ ሥራ ነው፣ የትም አይሠራም። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በፕላስቲክ ሰርጀሪ የታወቀ ነው፤ ቢያንስ አስተያየት ለመስማት እዚያ መድረስ ይገባል ባይ ነኝ።

አሁን ዋናው ነገር። በኮኬይን የተበሳ ላንቃ፣ ልጅ ሆኖ የተሰነጠቀ ላንቃ ይዞ እንደተወለደ ሰው ላንቃ አይደለም። የሕፃኑ ሥጋ ጤነኛ ነው፣ ደም አለው። የእነዚህ ሰዎች ግን በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ሥጋ ራሱ ደም ያጣ ነው። ደም በሌለው ሥጋ ላይ የተሰፋ ስፌት ይለቃል። ሰውየው ከተሰፋ በኋላ አንዴ እንኳ ቢስብ የደም ሥሩ ይጠባል፣ የተቀጠለው ሥጋ ሊሞት ይችላል። የከሸፈ ኦፕራሲዮን ደግሞ እንደነበረ አይመልስም። ከጎን የተወሰደው ሥጋ ባክኗል፣ ጠባሳ ተፈጥሯል፣ ቀዳዳው ከፊቱ የባሰ ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛ ሙከራ ይከብዳል።

ለዚህ ነው ቀዶ ሐኪሞች ቢያንስ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ከዱቄት መራቅን የሚጠይቁት፣ ቀዳዳው በዚያ ጊዜ ሁሉ አለመስፋቱን የሚያዩት። የሽንት ምርመራ ሊያዝዙ ይችላሉ። አትቀየሙ። ሽንት ላይ ኮኬይን ብዙውን ጊዜ የሚታየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ በተለያየ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ሲጋራና ሺሻም መቆም አለባቸው፣ እነሱም የደም ሥር ያጠባሉ። ይህንን ብዙ ሰው ይዘነጋል።

እኛ ዘንድ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ የግል ቦታ ገና በመጀመሪያው ቀን «በሚቀጥለው ሳምንት እንዘጋዋለን» አሉን። መቼ እንዳቆመ አልጠየቁም። ናሙና አልወሰዱም። ያኔ ወንድሜ ካቆመ ገና ሁለት ወሩ ነበር። እማዬ እቁቧን ልታወጣ ተነስታ ነበር፣ ልጇ ነውና ምን ታድርግ። አንድ ሌላ ሐኪም ነው ያስቆመን። ቀዳዳውን አይቶ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ቅርፊትና መቅላት አሳየኝና «ይህ ገና እየሄደ ነው፣ እየሄደ ያለ ቀዳዳ በስፌት አይዘጋም» አለኝ። ያችን ንግግር አልረሳትም።

የንግግር ሕክምና

ስለዚህ ባጭሩ። ቀዳዳ ያለበትን ላንቃ ልምምድ አይዘጋውም። ፊኛ ንፋ፣ በስትሮ ሳብ፣ ፉጨት ተለማመድ የሚሉ ነበሩ፤ ያ ንግግርን አያስተካክልም፣ ጊዜ ነው የሚበላው። ቀዳዳው በፕሌት ወይም በስፌት ከተዘጋ በኋላ ግን የንግግር ባለሙያ ዋጋዋ ይታያል። ለወራት በተበሳ ላንቃ የተናገረ ሰው የራሱን ዘዴ ያበጃል፣ «ከ» እና «ተ» ማለት ሲያቅተው በጉሮሮው ቆርጦ «አ» የሚመስል ነገር ይላል። ቀዳዳው ተዘግቶም ያ ልማድ ይቀራል። ልማዱን የሚያስለቅቀው ልምምድ ነው። ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ የላንቃ መሰንጠቅ ያለባቸው ሕፃናት የሚታከሙበት ሆስፒታል ጠይቁ፣ እዚያ ነው የሚገኙት። ከዳር ሆናችሁ በየሳምንቱ መሄድ ካልቻላችሁ የልምምድ ቃላት አጽፋችሁ፣ በስልክ ድምፅ ቀድታችሁ ቤት ሥሩ።

እስከዚያው እንዴት ይበላል?

ቀጭን ነገር ነው የሚያስቸግረው፦ ውኃ፣ ሻይ፣ ቡና፣ ጠላ። ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላል። በጥቂት በጥቂቱ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ። እንጀራ በወጥ በደንብ ከራሰና በትንሽ በትንሹ ከተጎረሰ ይሄዳል። የበሶ ጭብጦና ደረቅ ዳቦ ቀዳዳው ውስጥ ይለጠፋሉ። ቆሎ ፈጽሞ። አንዲት የሽንብራ ፍሬ ወንድሜ አፍንጫ ውስጥ ገብታ ሁለት ቀን አሰቃይታዋለች። ዘመድ ሲያጎርስ ጉርሻው ትልቅ ነው፣ «በትንሹ አጉርሱት» ብሎ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ ከሁሉም ሕክምና ጋር አብሮ ይሄዳል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ አንድ ብርጭቆ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። የቧንቧ ውኃ ሳይፈላ አይሆንም። ቅርፊቱን በጣት መንቀል ክልክል ነው፤ ከነሥጋው ይነሳል። በፋርማሲ የሚሸጠውን አፍንጫ የሚከፍት ጠብታም ያለ ሐኪም አትጠቀሙ፣ እሱም የደም ሥር የሚያጠብ ነው።

ሲበላ ደጋግሞ ትን የሚለው፣ ከምግብ በኋላ ድምፁ እንደረጠበ የሚሆን፣ ትኩሳትና ሳል ያለው ሰው ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠብቅ። ከአፍንጫው እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብ፣ ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ያለው፣ ዕይታው የተቀየረ፣ ደም ያልቆመለት ሰው በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ?

ካቆመ 6 ወር ያልሞላው ከሆነ፣ ወይም ገና ካላቆመ፣ ፕሌት። ስለዚህ ጥርጥር የለኝም። ቅርፊትና መቅላት ካለ፣ ቀዳዳው በስልክ ፎቶ ከወር ወር ሲታይ ከሰፋ፣ አሁንም ፕሌት። (ፎቶ አንሱ፣ ከቀዳዳው አጠገብ ንጹሕ ማንኪያ ይዛችሁ፣ ለመለኪያ።) ዓመት ካለፈው፣ ቀዳዳው ካልተንቀሳቀሰ፣ ትንሽ ከሆነና ጥርሱ ለመንጠቆ የማይሆን ከሆነ ኦፕራሲዮን ይቀድማል። ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ ፕሌቱ በደንብ ከሠራለት ግን ዕድሜ ልኩን በፕሌት መኖር ይችላል፣ ሽንፈትም አይደለም። መነጽር የሚያደርግ ሰው ተሸነፈ አይባልም።

ከሁሉም ጋር የሱስ ሕክምና አለ። አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ ክፍል አለው። ወንድሜ መጀመሪያ «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ አልሄድም አለ። ያስማማው ቀዶ ሐኪሙ ነው፦ «እኔ የምሰፋው ሥጋ እንዲይዝ የምትረዳኝ እዚያ ሄደህ ነው» አለው። ሄደ። አንዴ አገርሽቶበታል፣ መጥቶ ነገረን። የአንድ ዓመቱ ቆጠራ ከዜሮ ተጀመረ፣ እማዬ አዘነች፣ ግን አልተቆጣችም። ፕሌቱ ያኔም አፉ ውስጥ ነበር፣ መብላትም መናገርም አላቆመም።

አሁን 11ኛ ወሩ ነው። እማዬ ኦፕራሲዮኑን ትፈልጋለች፣ «ሙሉ ሆኖ ልየው» ትላለች። እሱ ደግሞ «በፕሌቱ ደህና ነኝ፣ ይቆይ» ይላል። እኔ የእሱ ነገር ያሳምነኛል፣ ግን ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ቀዶ ሐኪሙ ምን እንደሚል መስማት እፈልጋለሁ። በሰኔ ፕሌቱ ለመታደስ ቀጠሮ አለው፣ ሦስታችንም አብረን እንሄዳለን።